የአኩራፊው ካሴቶች

ኮልፌ ቀራንዮ፣ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ያደሳ፣

ይህ ወረቀት ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ቤትዎ የሞቀ እንዲሆን እመኛለሁ። የቀራንዮ መድኃኔዓለም በዚያ ብርድ አገርም አይለይዎት። እኛ ደህና ነን ማለት ልማድ ነውና ደህና ነን።

የአጎትዎ ልጅ የጉዲሳ ልጅ ዱሬቲ ነኝ። እርስዎ ጣልያን ሲሄዱ አልተወለድኩም። ልጅ ሆኜ አንዴ በስልክ «ትምህርት እንዴት ነው?» ብለውኝ «ደህና» ብዬዎታለሁ፤ ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም። ትምህርቱ አልቋል። አምና በጋዜጠኝነት ተመርቄ ሥራ እየፈለግሁ ነው። እስካሁን ያላመለከትኩበት መሥሪያ ቤት ቢኖር አየር ኃይል ብቻ ነው፤ እሱንም እያሰብኩበት ነው። አባዬ ድሮ «ያደሳ በወረቀት ካልጻፉለት አይመልስም» ሲል ስለሰማሁ ነው በእጄ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም የምልክልዎ።

አባዬ ሐምሌ ላይ ጉሮሮውን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። በሽታው ወጥቷል ተብሏል፣ ተመስገን። ድምፁም አብሮ ወጥቷል። አይመለስም ብለውናል። አሁን ትንሽ ነጭ ሰሌዳ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይዞራል፤ የሚለውን ይጽፍና እኛ አንብበን ሳንጨርስ በእጅጌው ያጠፋዋል። ጠረጴዛ አንዴ ሲያንኳኳ እሺ ነው፣ ሁለቴ ሲያንኳኳ እምቢ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሁለቴው በዝቷል።

ድምፁ የተቀረጸበት ነገር ቤቱን ሁሉ ፈልጌ አጣሁ። በስልኬ ቪዲዮዎች ላይ ሌላው ያወራል፣ እሱ ቆሞ ይሰማል። የምረቃዬ ዕለት ሲመርቀኝ የቀረጽነው አንድ አለ፤ ልክ አፉን ሲከፍት በደጃችን የሚያልፍ ሲኖትራክ ክላክሱን ለቀቀውና ምርቃቴን በላብኝ።

የቀሩት ካሴቶቹ ናቸው። እርስዎ ከቶሪኖ በመንገደኛ ሲልኩለት የነበሩት የካውቦይ ፊልሞች። ተዋናዩን እርስዎ ኮርት ሃሎዌይ ይሉታል። ሠፈራችን አሥራ ስምንት ማዞሪያ ግን «አኩራፊው» ነው የሚለው፤ በአንዱም ፊልም ላይ ጥርሱ ስለማይታይ አባዬ ያወጣለት ስም ነው። አባዬ ቪዲዮ ቤቱን ሲከፍት ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ፊልሙን በቃሉ ይተረጉም ነበር። በየቀኑ ለየፊልሙ መጮሁ ጉሮሮውን ስለፈጀው፣ ጠዋት ጠዋት በሩን ዘግቶ፣ ማይክሮፎን የቪዲዮ ማጫወቻው ዴክ ላይ ሰክቶ ትርጉሙን ካሴቶቹ ላይ ቀዳው። ከዚያ በኋላ እሱ በር ላይ ቲኬት ሲቆርጥ ድምፁ ውስጥ ይተርካል። ሕፃን ስለነበርኩ አባቴ በአንድ ጊዜ ደጅም ውስጥም መሆኑ አይገርመኝም ነበር።

ቪዲዮ ቤቱ ዛሬ ሴራሚክ ይሸጥበታል። ካሴቶቹ ግን ቁምሳጥን ላይ በሻንጣ አሉ። ዴኩ ሞቷል፤ ማዞሪያው ላይ ስልክ የሚጠግነው አህመድ ከፍቶ አየውና «ይሄን ያመጣሽው ለጥገና ነው ወይስ ለቀብር?» አለኝ። እርስዎ የሚሠሩ ዴኮች እንዳሉዎትና የሃሎዌይን ፊልሞች በካሴት እንደሚሰበስቡ ሰምቻለሁ። ጎረቤታችን እትዬ ሌሊሴ ልጃቸውን ሊያርሱ ወደ ጣልያን ይመጣሉ። ሻንጣውን በእሳቸው ልላክልዎ። ድምፁን ወደ ኮምፒውተር ገልብጠው ይላኩልኝ፤ ካሴቶቹን ደግሞ እሳቸው ሲመለሱ ይስጧቸው። ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም።

አክባሪዎ
ዱሬቲ ጉዲሳ


ቶሪኖ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዱሬቲ፣

ሰላምታዬ ከዚህ ከበረዶው መሐል ይድረስሽ። በእጅ መጻፍሽ አስደስቶኛል። ፊደልሽ የአያትሽን የእጅ ጽሕፈት ይመስላል፣ ወደ ቀኝ ይወድቃል።

ሻንጣውን ላኪው። ሁሉንም ላኪው። ነገር ግን የምነግርሽን ልብ ብለሽ አንብቢ። ካሴቶቹ ተጋድመው አይሂዱ፣ እንደ መጽሐፍ ይቁሙ። ፀሐይ አይንካቸው። ሽፋናቸው የተቀደደ ካለ በማስቲሽ እጠግናለሁ እንዳትይ። ጀርባቸው ላይ ያለውን ወረቀት ማንም እንዳይልጠው። ሌሊሴ የምትባለዋ ሴት ሽሮና በርበሬ ከላያቸው ላይ እንዳትጭን አደራ በያት፤ የአገሬን ሰው አውቃለሁ።

እኔ የሕንፃ ጥበቃ ሠራተኛ ነኝ፣ የምኖረው ደረጃው ሥር ባለችው ክፍል ነው። አንዱ ግድግዳ ሙሉ በሙሉ የሃሎዌይ ነው። እዚህ አገር በካሴት የወጡለትን ፊልሞቹን ሁሉ ይዣለሁ፣ ከአንዱ በቀር። እሱም «የሰኞ ባቡር» ነው። በእጄ ገብቶ ነበር። አንድ ሰው አዲስ አበባ ሲሄድ አገኘሁና ሳልገለብጠው ለጉዲሳ ላክሁት። ከዚያ ወዲህ ገበያ አልቀረኝም፣ ጨረታ አልቀረኝም፣ ዳግመኛ አላየሁትም። ሻንጣው ውስጥ አለ? ይህን አስቀድመሽ ንገሪኝ።

አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። ድምፁን ካሴቶቹ ላይ ቀዳበት ብለሻል። እኔ ለጉዲሳ ፊልም ነው የላክሁለት እንጂ ባዶ ካሴት አይደለም። ሰው በስጦታ የተሰጠውን መጽሐፍ በላዩ ላይ ደብዳቤ ይጽፍበታል? ወይ ጉድ። ይህን ነገር በእኔ ዕድሜ መስማት አልነበረብኝም።

ለጉዲሳ እግዚአብሔር ይማርህ በይልኝ።

አጎትሽ
ያደሳ


ኮልፌ ቀራንዮ፣ ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ያደሳ፣

ጥምቀትን በሰላም ያሳለፍን፣ እርስዎንም በሰላም ያሳለፈዎት አምላክ ይመስገን።

ሻንጣው ከእትዬ ሌሊሴ ጋር ትናንት ሄዷል። ቆመው ነው የሄዱት። ሽሮው በሌላ ሻንጣ ነው። «የሰኞ ባቡር» አለ፤ ስሙን በአባዬ ፊደል በቀይ ስክሪፕቶ ተጽፎ አየሁት። ስለዚህ እንቅልፍ ይውሰድዎ።

አሁን የእኔን ልናገር። ደብዳቤዎን ሦስቴ አነበብኩት። ስለ ሽፋን አንድ ገጽ ጽፈዋል። ስለ አባዬ አንድ መሥመር። እሷም «ይማርህ በይልኝ» ናት። ምን እንደታመመ፣ ምን እንደሚበላ፣ ያመው እንደሆነ አልጠየቁም። ከርስዎ ጋር በልጅነቱ በአንድ ሰሌን ላይ ያደገ ሰው ነው። ይህን መጻፌ ብልግና ከሆነ ይቅርታ፤ ካልጻፍኩት ግን አያስተኛኝም።

«ስጦታውን አበላሸው» ላሉት ደግሞ መልስ አለኝ። ያ የርስዎ ስጦታ በጣልያንኛ ነበር። የኮልፌ ሰው ጣልያንኛ የሚያውቀው ፌርማታና ባኞ ብቻ ነው። አባዬ ባይተረጉመው ማን ያየው ነበር? በርስዎ ፊልም መሬት የሚቀማው ሰውዬ በአባዬ አፍ ደላላው ነው። ሸሪፉ የቀበሌ ሊቀመንበር ነው፣ ማህተሙ ሁልጊዜ ይጠፋበታል። እርሻዋን አልሸጥም ያለችው ባልቴት እትዬ አልማዜ ናት፤ አሥራ ስምንት አካባቢ ስንት ሰው ለእሷ አልቅሷል መሰለዎት። አኩራፊው ሽጉጡን ሲያወጣ አባዬ ምን እንደሚል ዛሬም ከቀራንዮ የሚጭነው የሚኒባስ ሹፌር ደሜ በቃሉ ያውቀዋል። ሂሳብ ያልከፈለ ሰው ሲያይ በመስታወቱ እያየ «ወንድሜ፣ እጅህን ከኪስህ አውጣ፣ ባዶ እጅህን ግን አይደለም» ይለዋል፣ ታክሲው ሙሉ ይስቃል።

አባዬ እንዲላኩ ፈቅዷል፤ ጠረጴዛውን አንዴ አንኳኳ። ግን ወዲያው አይደለም፤ ቆይቶ ነው። ሻንጣውንም ማንም እንዲነካበት አልፈለገም፣ እስከ እትዬ ሌሊሴ በር ድረስ ራሱ ተሸክሞ ወሰደው። አሁን በየጠዋቱ ስልኬን አይቶ ቅንድቡን ያነሳል። መጣ ወይ ማለቱ ነው።

እባክዎ አያዘግዩብን።

አክባሪዎ
ዱሬቲ


ቶሪኖ፣ መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዱሬቲ ጉዲሳ፣

በጾሙ በረከት ሰላም ሁኝ። የዘገየሁት ሥራ ይዞኝ ነው፤ ማየቱም ጊዜ ይፈልጋል።

የምሥራች ልንገርሽ። ካሴቶቹ ምንም አልሆኑም። ከሻንጣው ሳወጣቸው እያንዳንዱን ወደ ብርሃን እያነሳሁ አየሁ፣ ጉዲሳ አበላሽቷቸዋል ብዬ። አንድ በአንድ አጫወትኳቸው። ሥዕሉ እዚህም እዚያም በረዶ አለው፣ ዕድሜ ነው፣ ይፈቀድለታል። ድምፁ ግን የጠራ ጣልያንኛ ነው፣ ልክ በላክሁት ቀን እንደነበረው። የጉዲሳ ድምፅ የሚባል ነገር በአንዱም ላይ የለም። በ«የሰኞ ባቡር» ላይም የለም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰምቻለሁ።

ስለዚህ አንዳች ስሕተት አለ። ምናልባት አባትሽ የቀዳ መስሎት አልተቀዳለትም ይሆናል። ማይክሮፎን መሰካትና መቅዳት አንድ አይደለም። አንቺም ሕፃን ነበርሽ፤ ሕፃን የሰማውንና ያለመውን አይለይም።

አንድ ነገር ብቻ አበሳጭቶኛል። በየካሴቱ ጀርባ ጥጉ ላይ ያለችውን ቀዳዳ በቁስል ፕላስተር የደፈነ ሰው አለ። በአልኮል እየጠረግሁ ሁሉንም አንስቻቸዋለሁ። አሁን መልካቸው እንደ አዲስ ነው።

ሌላም ሐሳብ መጣልኝ፣ በጥሞና ስሚኝ። እናንተ ቤት ዴክ የለም። ክረምት ሲመጣ እርጥበቱ ይበላቸዋል። እዚህ ግን መደርደሪያው ሙሉ ይሆናል፣ ስብስቡ ይሟላል። እኔው ዘንድ ይቆዩ። ለቤተሰቡ የሚሆን አንዳንድ ነገር በሌሊሴ እልካለሁ፣ አባትሽም ብዙ አይከፋውም። ድምፁ የለም የሚለውን ባትነግሪው ይሻላል፤ ታሞ ሳለ ለምን ይዘን።

አጎትሽ
ያደሳ


ኮልፌ ቀራንዮ፣ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ያደሳ፣

ሰላምታ አልጻፍኩም። በቅንነት የማልለውን ምርቃት ወረቀት ላይ ማስፈር አልፈልግም።

የለም አሉኝ። እኔ አለምኩ እሺ። አባዬም አለመ እሺ። የሚኒባሱ ሹፌር ደሜስ? እሱም ተኝቶ ነው የሰማው? ትናንት ሆን ብዬ ከቀራንዮ እስከ አሥራ ስምንት ጋቢና ተቀምጬ ጠየቅሁት። «ጋሽ ጉዲሳ? ምን ነካሽ፣ ካሴቱ ሲያልቅ እንኳ ‘ደህና እደሩ፣ ኮቴያችሁን ቀስ’ ይለን ነበር እኮ» አለኝ። ጋሽ ጉዲሳ በር ላይ ቆሞ ነበር ወይስ ውስጥ? ስለው «በር ላይ ነዋ፣ እኛ ሳንከፍል ስንገባ የሚይዘን ማን ሆነና» አለኝ። እንግዲህ ማን ነበር ውስጥ የሚያወራው? ዴኩ ራሱ አማርኛ ተምሮ?

እርስዎ ምን እንዳደረጉ አውቄያለሁ። የሃሎዌይን ፊልሞች ከአንዱ በቀር ሁሉንም እዚያ ይዣለሁ ብለው በእጅዎ ጽፈውልኛል፣ ወረቀቱ አለኝ። የራስዎን ንጹሕ ካሴት አጫውተው ስለ እሱ ይነግሩኛል። የአባቴ የት እንደገባ እግዜር ይወቀው። ፕላስተሩን ደግሞ ጠርጌ አነሳሁ ይላሉ፣ እንደ ትልቅ ሙያ። ያን ፕላስተር የለጠፈው አባዬ ነው። ቀዳዳው ካልተደፈነ ካሴቱ አይቀዳም። የእኛን ከእርስዎ የሚለየውን አንድ ምልክት በአልኮል ጠረጉትና «እንደ አዲስ ነው» አሉኝ። ጎበዝ።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን «ባትነግሪው ይሻላል» ያሉት ነው። ዛሬ ጠዋት ቅንድቡን አነሳ። «ገና ነው» አልኩት። በሕይወቴ አባቴን ዋሽቼ አላውቅም፤ ለርስዎ መደርደሪያ ብዬ ዋሸሁት። ለቤተሰቡ እልካለሁ ያሉትን አንዳንድ ነገር አይላኩ። እኛ የጠየቅነው የራሳችንን ነው። ካሴቶቹን ይመልሱ። ሁሉንም፣ «የሰኞ ባቡር»ን ጨምሮ። እኔ ሥራ አጥ ነኝ፣ ስለዚህ ጊዜ አለኝ። በየቀኑ እጽፋለሁ።

ዱሬቲ ጉዲሳ


ኮልፌ ቀራንዮ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ያደሳ፣

ፋሲካ አለፈ። የላክሁትን ሁሉ አይተውታል፤ ቴሌግራም ሁለቱን ጭረት ያሳየኛል። አንብበው ዝም ማለት አንድ ነገር ነው፣ አንብበው ዝም ማለትዎን እያወቅሁ ዝም ማለትዎ ሌላ ነው።

ለአባዬ ነገርኩት። እርስዎ አይነገረው ስላሉ በእልህ ሳይሆን መዋሸቱ ስለከበደኝ። የጻፍኩልዎትንም አነበብኩለት፣ «የአባቴ የት እንደገባ እግዜር ይወቀው» እስከሚለው ድረስ። ሰሌዳውን አነሳና ጻፈ፦

«ያደሳ አይሰርቅም።»

እንደ ልማዱ በእጅጌው ያጠፋዋል ብዬ ጠበቅሁ። አላጠፋውም። እንዳንጠለጠለው ምሳ በላ፣ እንዳንጠለጠለው ቤተ ክርስቲያን ሊሳለም ሄደ፣ እንዳንጠለጠለው መጣ። ሠፈሩ ሁሉ «ያደሳ ማነው?» እያለ ይጠይቀኛል።

እኔ አላመንኩትም። ግን እንዲያውቁት ብዬ ነው።

ዱሬቲ


ቶሪኖ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዱሬቲ ጉዲሳ፣

አቶ ብለሽ ጻፍሽልኝ። የእናትሽ ሰርግ ላይ የሙሽራውን ጃኖ የያዝኩ ሰውዬ አቶ ተባልኩ። ሌባም ተባልኩ፣ በእጅ ጽሕፈት። ለአንድ ወር ያህል ወረቀት እያነሳሁ መልሼ አስቀምጠው ነበር። ስድብ ብቻ ነበር የሚመጣልኝ።

የጉዲሳን ሰሌዳ ከጻፍሽልኝ በኋላ ግን ቁጣዬ ሌላ መንገድ ያዘ። እንግዲያው አሳያታለሁ አልኩ። ካሴቱን ስከት፣ ሲጫወት፣ ጣልያንኛው ሲወጣ፣ ከፊት ሆኜ በስልክ ቀርጼ ልልክልሽና አፍሽን ላስይዝሽ። በእኔ ዴክ ባሳይሽ ደግሞ ዴኩን አስተካክለህ ነው ትይኛለሽ። ስለዚህ ቅዳሜ ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያ ሄድኩና ማንም የማይፈልገውን፣ እጀታው የተሰበረ፣ አንድ ተራ ዴክ ገዛሁ። ሻጩ ራሱ «ምን ሊያደርግልህ?» አለኝ። «ለፍርድ ቤት» አልኩት።

«የሰኞ ባቡር»ን ከተትኩ። ስልኩን አቆምኩ። መጫወቻውን ተጫንኩ።

«እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ ያላችሁ ኮፍያ አውልቁ፣ ካውቦዩ ብቻ ነው ኮፍያ የሚፈቀድለት።»

ልጄ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ ማለት አልችልም። ወንበሩ ሥር ነበርኩ።

ነገሩን ኋላ ከሚያውቅ ሰው ጠይቄ ተረዳሁት። ካሴት ድምፅ የሚይዝበት ቦታ ሁለት ነው። አንደኛው ከሥዕሉ ጋር አብሮ የተጻፈ ነው፣ ጥሩው ድምፅ የሚባለው እሱ ነው። ሁለተኛው ጠርዙ ላይ ያለ ቀጭን መሥመር ነው። የጉዲሳ ዴክ የጻፈው በጠርዙ ላይ ብቻ ነው፤ ጣልያንኛው ከሥዕሉ ጋር እንደተኛ ቀርቷል። የእኔ ዴኮች ውድ ናቸው፣ ጥሩውን ይመርጣሉ፣ ጠርዙን ዞር ብለውም አያዩትም። ተራው ዴክ ግን ከጠርዙ በቀር ሌላ ማንበብ አይችልም። እኔም አልዋሸሁም፣ ጉዲሳም አላለመም። ሁሉንም ቀድቼ በዚሁ በቴሌግራም ልኬልሻለሁ፤ አውርጂው።

እንግዲህ ይህን ካልኩ በኋላ የእኔን ቁጣ ስሚ።

ጉዲሳ ያኔ «ጣልያንኛ ተምሬያለሁ፣ ላክልኝ» ብሎ ጽፎልኝ ነበር። አንዲት ቃል አያውቅም። አንዲት። ተዋንያኑ ስለ ከብት ሲያወሩ እሱ ስለ ዕቁብ ይተረጉማል። ዳኛው ሞት ሲፈርድ እሱ «ስብሰባው ለማክሰኞ ተዛውሯል» ይላል። ፊልሞቹን ሁሉ ከራሱ ነው ያወጣቸው። ይሁን፣ ይህን እንኳ ልለፈው።

ያደሳስ? በሁሉም ፊልም ላይ ያደሳ የሚባል ሰው አለ። ተኩስ ሲጀመር ቡና ቤቱ ውስጥ በመስኮት የሚሾልከው እሱ ነው። በአንዱ በአህያ ይሸሻል፣ በሌላው በጋሪ፣ በሌላው የሴት ነጠላ ለብሶ። አኩራፊው «ያደሳ የታለ?» ይላል። ባለ ቡና ቤቱ «ያደሳማ ሄደ፣ ኮቱን እንኳ አልያዘም። ደርሼ እጽፋለሁ ብሏል» ይላል። ኮልፌ ሙሉ በስሜ ሲስቅ ኖሯል ማለት ነው። እኔ እዚህ ደረጃ እየጠረግሁ፣ ከምግቤ ቀንሼ ካሴት እየላክሁለት፣ በላክሁለት ካሴት ላይ ፈሪ አድርጎ ቀዳኝ። ይህ ምን ይባላል?

አንድ ነገር ደግሞ አልገባኝም፣ እሱን ጠይቂልኝ። «የሰኞ ባቡር» መጨረሻ ላይ ያ በመስኮት የሸሸው ሰውዬ በባቡር ይመለሳል። አኩራፊው ጣቢያው ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ፊት ለፊት ቆመው ብዙ ያወራሉ። ጉዲሳ እዚያ ጋ ዝም ይላል። ማይክሮፎኑን አልዘጋውም፣ ትንፋሹ ይሰማል፣ ከደጅ የሚኒባስ ረዳት ሲጣራ ይሰማል። እስከ መጨረሻው ቃል አይተነፍስም። ፊልም ሙሉ የቀባጠረ ሰው እዚያ ጋ ምን ነካው?

ካሴቶቹ እዚህ ይቆዩ ያልኩትን አልሰረዝኩም። ግን እንዳንቺ አልከራከርም።

አጎትሽ
ያደሳ


ኮልፌ ቀራንዮ፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ያደሳ፣

ሰኔ ሚካኤል በቸርነቱ ይጠብቅዎ። በቅንነት ነው የምለው።

ሌባ ያልኩበትን ቃል እመልሳለሁ። እንዲያውም በጉልበቴ ተንበርክኬ። «አቶ»ን ግን ለጊዜው አልመልስም ልል ነበር፤ አባዬ አስመለሰኝ።

ያወረድኩትን ከአህመድ በተዋስኩት ድምፅ ማጉያ ሳሎን ውስጥ ከፈትኩት። አባዬ ጀርባውን ሰጥቶ ጫማውን እያሰረ ነበር። «እንደምን አመሻችሁ» ሲል እጁ ክሩ ላይ ቆመ። ዞሮ አላየኝም። እኔም አላየሁትም፤ ሁለታችንም ማጉያውን ነበር የምናየው፣ ሰው የገባ ይመስል። አንዱን ክር አስሮ ሌላውን ሳያስር እስከ ማታ ተቀመጠ። ፊልሙ ላይ ያደሳ በነጠላ ሲሸሽ የአባዬ ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አለቀሰ ብዬ ስሮጥ እየሳቀ ነው። ያለ ድምፅ ሲስቅ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ፊቱ እንደሚያስነጥስ ሰው ይሆናል።

ጎረቤት ተሰበሰበ። ደሜ ሚኒባሱን ከነተሳፋሪው ደጃችን አቁሞ ገባ፤ ተሳፋሪው ሊጣላው ተከትሎት ገባና እሱም ቁጭ አለ። እኔ የምፈልገው ይህን ነበር፣ አገኘሁት። ግን ደስታዬ ውስጥ ንዴቱ አልወጣልኝም፣ ልንገርዎት። ድምፁ በእነዚህ ወራት ሁሉ እርስዎ ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። አንድ ርካሽ ዴክ ነው የፈለገው። ቀድሞውኑ «ጉዲሳ የሌለውን አለ አይልም፣ ካለ አለ ነው» ብለው ቢፈልጉት ኖሮ ይህ ሁሉ ወረቀት ባልተጻፈ። እሱ እርስዎን ያመነውን ያህል እርስዎ አላመኑትም። ሰሌዳው ላይ ስምዎን አንጠልጥሎ የዞረው ሰውዬ ማለቴ ነው።

ጥያቄዎን ጠየቅሁት። «የሰኞ ባቡር» መጨረሻ ላይ ለምን ዝም አልክ? ጋሽ ያደሳ ማወቅ ይፈልጋል አልኩት። ቦታውን ደግሜ ከፈትኩለት። ትንፋሹ መጣ፣ የረዳቱ ጥሪ መጣ። ሰሌዳውን ከአንገቱ አወለቀ። ከዚያ ጻፈ፦

«ያላየሁትን አልተረጉምም።»

አልገባኝም ነበር። ጣልያንኛ ሳታውቅ ሁሉን የተረጎምክ ሰውዬ ዛሬ ምን ሃቀኛ አደረገህ ብዬ ልከራከረው ስል ፊቱን አየሁትና ተውኩት። እርስዎ ይግባዎት እንደሆነ አላውቅም። የተጻፈው ለርስዎ ነው።

ካሴቶቹን በተመለከተ፣ በእኔ ቢሆን በነገው በረራ ነበር የማስመልሳቸው። በእትዬ ሌሊሴ እጅ ይምጡ አልኩት፣ ጠረጴዛውን ሁለቴ መታ። በፖስታስ? ሁለቴ። በሌላ መንገደኛስ? ሁለቴ። እንግዲያው ማን ያምጣቸው ስለው እንደ ሞኝ አየኝ። ስለዚህ እትዬ ሌሊሴ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ፤ ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ።

ይህን እየጻፍኩ አባዬ የጓሮውን ክፍል እያጸዳ ነው። አልጋ አስገብቷል። ልርዳህ ብለው አላስጠጋኝም። አሁን መስኮቱን እንዳይከፈት በምስማር እየመታው ነው።

አክባሪዎ
ዱሬቲ ጉዲሳ